«እትብቱ አንገቱ ላይ ዞሯል» ሲባል ምን ያህል እንፍራ?

«አገርህ ወዴት ነው?» ሲሉት «እትብቴ የተቀበረው ቡሬ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በአማርኛ እትብት አገር ማለት ነው፤ ከየት እንደተነሣን ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ግን ይኸው ቃል ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ፍርሃት።

እስቲ አንድ ነገር በሐሳባችን እንሳል። ፍኖተ ሰላም የምትማር አንዲት ተማሪ አለች እንበል። ታላቅ እህቷ የምትኖረው ገበዝ ማርያም ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ለክትትል ከተማ ወጥታ በአልትራሳውንድ ስትታይ «ልጁ ደህና ነው፤ እትብቱ ግን አንዴ አንገቱ ላይ ዞሯል» ተባለች። ከዚህ ሁሉ ንግግር «ደህና ነው» የሚለው እዚያው ቀረ። ቤቷ ይዛው የገባችው «አንገቱ ላይ» የሚለውን ብቻ ነው። ማታ እንቅልፍ የለም። ጠዋት ለቡና የመጣች ጎረቤት ደግሞ «የእገሊት ልጅም እንዲያ ሆኖ ነው የሞተው» ብላ ጨመረችበት። በቃ! እህትየው ስልኳን አንሥታ ደወለች፦ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፤ ልጄ ሊታነቅ ነው እንዴ?»

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚያች ተማሪ ነው። አጭሩ መልስ «አይታነቅም» ነው። ግን «አይዞሽ» ብቻ ብሎ ስልክ መዝጋት አይበቃም። ለምን እንደማይታነቅ፣ እትብት በእውነት አደጋ የሚሆነው መቼ እንደሆነ፣ እንዲሁም ጭንቀቱን ምን ላይ ማዋል እንደሚቻል አንድ በአንድ እንየው።

እትብት ምን ዓይነት ገመድ ነው?

ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ አፉን ከፍቶ አይመገብም፣ አየርም አይተነፍስም። የሚያስፈልገው ሁሉ የሚመጣለት በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። የእንግዴ ልጅ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከእናቲቱ ደም ኦክስጅንና ምግብ ይቀበላል። ከልጁ የሚወጣውን ቆሻሻ ደግሞ መልሶ ለእናቲቱ ያስረክባል። እትብት ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው መንገድ ነው፤ አንዱ ጫፉ የእንግዴ ልጁ ላይ፣ ሌላው የልጁ እምብርት ላይ ነው።

ልጁ ለመወለድ ሲደርስ የእትብቱ ርዝመት በአማካይ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የራሱን የልጁን ቁመት ያህላል ማለት ይቻላል። ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጡ ሦስት የደም ቧንቧዎች አሉ፤ ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በባዮሎጂ ክፍል እንደተማራችሁት፣ ከልብ ወጥቶ ሰውነታችንን በሚያዳርሰው ዝውውር ኦክስጅን የያዘውን ደም የሚወስደው ደም ቅዳ ነው። በእትብት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኦክስጅን የጠገበው ደም ወደ ልጁ የሚመጣው በደም መልሱ ነው፤ የተጠቀመበትን ደም ወደ እንግዴ ልጁ የሚወስዱት ሁለቱ ደም ቅዳዎች ናቸው። የቧንቧዎቹ ስም የተሰጠው ከልጁ ልብ መውጣታቸውን ወይም ወደ ልቡ መመለሳቸውን ተከትሎ ነው።

«ይህ ገመድ ቢታጠፍስ? ቢጨመቅስ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚህ ተፈጥሮ ሦስት መከላከያ አበጅታለታለች።

አንደኛ፣ ሦስቱ ቧንቧዎች ራቁታቸውን አይደሉም። እንደ ረጋ ተልባ የሚያዳልጥና የሚለጠጥ ወፍራም ነገር ዙሪያቸውን ሞልቶታል። ይህ ነገር የዋርተን ጄሊ ይባላል፤ ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1656 ስለ እሱ ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከቶማስ ዋርተን ነው። አንድ ስስ የላስቲክ ጎማ ስታጥፉት ውሃው ወዲያው ይቆማል። ጎማውን ግን በወፍራም ስፖንጅ ጠቅልላችሁ ብታጥፉት መታጠፊያው ሰፋ ስለሚል ውሃው ማለፉን ይቀጥላል። ጄሊው የሚሠራው ልክ እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ እትብት የተገመደ ነው። ቧንቧዎቹ እንደ መጫኛ ተጠማዝዘው ስለሚሄዱ ገመዱ ሲሳብም ሲጫኑትም ቶሎ አይደፈጠጥም።

ሦስተኛ፣ ገመዱ የሚንሳፈፈው በሽርት ውሃ ውስጥ ነው። ልጁ ሲገላበጥ እትብቱ ይሸሻል፣ ቦታ ይለቃል።

ታዲያ አንገት ላይ ሲዞር ለምን አያንቅም?

እኛ «ታነቀ» የምንለው ምን ሲሆን ነው? የአየር ቧንቧው ተዘግቶ መተንፈስ ሲያቅተው ነው። ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ ግን ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ነው። ደረቱን እያንቀሳቀሰ ለመተንፈስ ልምምድ ያደርጋል እንጂ አየር አይስብም። ኦክስጅን የሚያገኘው በእምብርቱ በኩል ነው። ስለዚህ በአንገቱ የማይተነፍስን ልጅ እትብት አንገቱን ይዞ ትንፋሽ ሊከለክለው አይችልም።

ትክክለኛው ጥያቄ «አንገቱ ታነቀ ወይ?» ሳይሆን «እትብቱ ውስጥ ደም እያለፈ ነው ወይ?» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። አንገት ላይ የዞረው እትብት ብዙ ጊዜ ልል ነው፤ ልክ ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል እንደማድረግ። በየጊዜው በአልትራሳውንድ የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ዛሬ የዞረው እትብት ልጁ ሲገላበጥ በሌላ ቀን ተፈትቶ ሊገኝ ይችላል፤ ያልዞረውም ሊዞር ይችላል።

ደግሞ ብርቅ ነገር አይደለም። በወሊድ ጊዜ ከ100 ሕፃናት ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት እትብት አንገታቸው ላይ ዞሮ ይወለዳሉ። ይህን የምታነቡ ወጣቶች አርባ ሆናችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ብትቀመጡ፣ ስምንት ወይም አሥር የምትሆኑት እንዲህ ሆናችሁ ነው የተወለዳችሁት። ማንም አልነገራችሁም እንጂ። አዋላጇ ጭንቅላት እንደወጣ በጣቷ አንገቱን ትዳስሳለች፤ እትብቱ ካለ በጭንቅላቱ አሳልፋ ታወርደዋለች። የሰከንዶች ሥራ ነው። ጠበቅ ካለም መፍትሔ አለው፤ ይህ ለማንኛዋም ሚድዋይፍ የዕለት ተዕለት ሥራዋ ነው። በብዙ አገሮች መደበኛ የአልትራሳውንድ ምርመራ ሲደረግ የእትብቱ መዞር ተፈልጎ የማይመዘገበውም ለዚህ ነው፤ ቢታወቅም በክትትሉ ላይ የሚለውጠው ነገር ስለሌለ።

የእናቲቱ ጥፋት ይሆን?

በብዙ የዓለም ክፍሎች «እጇን ወደ ላይ ስላነሣች ነው»፣ «ከባድ ስለተሸከመች ነው» የሚል ወሬ አለ። የእናት እጅና ትከሻ ከልጁ እትብት ጋር የሚያገናኝ ምንም መንገድ የላቸውም። ልብስ ስላሰጣች ወይም ከቆጥ ላይ ዕቃ ስላወረደች እትብት አይዞርም።

እትብትን የሚያዞረው ራሱ ልጁ ነው። እንዲያውም የእትብት ርዝመት ከልጁ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነው። ማህፀን ውስጥ እንደልብ የሚገላበጥ ልጅ እትብቱን እየሳበ ያስረዝመዋል፤ በተለያየ ምክንያት መንቀሳቀስ የተሳነው ልጅ አጭር እትብት ይኖረዋል። ረጅም እትብት ደግሞ የመጠምጠም ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንገት ላይ የዞረ እትብት አንዳንዴ የሚነግረን ልጁ ንቁ እንደሆነ ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ልጇ ሞቶባት «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እያለች ዕድሜ ልኳን ራሷን የምትወቅስ እናት ስላለች ነው። ያንን ሸክም ማውረድ ራሱ ሕክምና ነው።

የጎረቤቷ ታሪክ ስህተቱ የቱ ላይ ነው?

ጎረቤቲቱ አልዋሸችም። ልጁ ሞቷል፤ እትብቱም አንገቱ ላይ ነበር። ስህተቱ «አብረው ታዩ» ከሚለው ተነሥቶ «አንዱ ሌላውን አመጣ» ማለቱ ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ሰባት ወር ከደረሱ 1000 እርግዝናዎች ውስጥ 33ቱ ልጁ ሞቶ በመወለዱ ወይም በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት በመሞቱ ይጠናቀቁ ነበር። አሁን ለክርክር ያህል እትብት አንገት ላይ መዞሩ ከእነዚህ ልጆች አንዱንም አልገደለም እንበል። ሁሉም የሞቱት በሌላ ምክንያት ነው፤ ምጥ በመርዘሙ፣ በደም ግፊት፣ በኢንፌክሽን፣ ያለጊዜያቸው በመወለዳቸው። ታዲያ ከ33ቱ ስንቱ እትብት አንገታቸው ላይ ይገኛል? ከአራት ልጆች አንዱ እንዲህ ሆኖ ስለሚወለድ፣ ወደ 8 የሚሆኑት!

አያችሁ? እትብቱ ምንም ሳያደርግ 8 ቤተሰብ «እትብት አንቆ ገደለብን» ይላል። ዓይን የሚያርፈው አንገት ላይ ባለው ገመድ ላይ ነው፤ የደም ግፊትና ኢንፌክሽን ግን በዓይን አይታዩም። ከዚሁ ከ1000 ውስጥ እትብት አንገታቸው ላይ ዞሮ በሰላም የተወለዱት 240 ያህል ልጆች ደግሞ አይወሩም። ቡና ላይ «የእገሊት ልጅ እትብቱ ዞሮ ነበር፤ ደህና ነው፣ እያደገ ነው» ብሎ የሚያወራ ማን አለ?

እውነቱን ለማወቅ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፦ እትብቱ የዞረባቸው ልጆች ካልዞረባቸው ይልቅ በብዛት ይሞታሉ ወይ? ብዙ ሺህ ወሊዶችን ያነጻጸሩ ጥናቶች በአብዛኛው ያገኙት መልስ «ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም» የሚል ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ ሲጠብቅ በምጥ ጊዜ የልብ ምትን ዝቅ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ለዚህም ነው በምጥ ላይ የልጁ ልብ ምት በየጊዜው የሚደመጠው።

እትብት በእውነት አደጋ የሚሆነው መቼ ነው?

«እትብት ፈጽሞ አያሰጋም» ማለት ግን ውሸት ነው። በአሜሪካ ሞተው የተወለዱ 512 ሕፃናት በጥልቀት ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። በዚያ ጥናት ከ10 ሞት አንድ ያህሉ ከእትብት ችግር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ግን እትብት አንገት ላይ መገኘቱን ብቻውን እንደ በቂ ማስረጃ አልቆጠሩትም፤ የደም ዝውውሩ እንደተቋረጠ የሚያሳይ ሌላ ምልክት ፈልገዋል። የእትብት ችግሮች የሚከተሉት ናቸው።

እትብት ቀድሞ መውጣት። የሽርት ውሃ ሲፈስ እትብቱ ከልጁ ቀድሞ ወደ ማህፀን በር ወይም ወደ ውጭ ይወርዳል። ከ1000 ወሊድ ከ1 እስከ 6 ጊዜ ያጋጥማል። የልጁ አካል እትብቱን ስለሚጫነው ይህ በእውነት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በብዛት የሚታየው ልጁ በእግሩ ወይም በአግድም ሲቀመጥ፣ ምጥ ያለጊዜው ሲመጣ፣ የሽርት ውሃ ከመጠን በላይ ሲበዛና በመንታ እርግዝና ነው።

እውነተኛ ቋጠሮ። ልጁ በእትብቱ ቀለበት ውስጥ ሾልኮ ሲያልፍ የሚፈጠር ነው። ከ100 ልጆች አንድ ያህሉ ላይ ይታያል። አብዛኞቹ ቋጠሮው ሳይጠብቅ በደህና ይወለዳሉ።

አንድ ደም ቅዳ ብቻ ያለው እትብት። ከ100 እርግዝና በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ላይ ይታያል። ብዙዎቹ ጤነኛ ናቸው፤ ሐኪሙ ግን ልብና ኩላሊትን ደግሞ ማየት ይፈልጋል።

የእትብት አተካከል ችግር። ቧንቧዎቹ ያለ ጄሊ ራቁታቸውን በሽፋኑ ላይ ሲሄዱ፣ በተለይም የማህፀን በር ላይ ሲያልፉ፣ የሽርት ውሃ በሚፈስበት ጊዜ ሊቀደዱ ይችላሉ። ብርቅ ነው፤ ቀድሞ በአልትራሳውንድ ከታወቀ ግን በቀዶ ጥገና በማዋለድ ልጁን ማዳን ይቻላል።

ልብ አድርጉ፤ ከእነዚህ አንዱም እናቲቱ ቤቷ ተቀምጣ በመጨነቅ የምትከላከለው አይደለም። ሁሉም የሚያዙት በሁለት ነገር ነው፤ ምልክትን በማወቅና ጊዜው ሲደርስ ጤና ተቋም አጠገብ በመሆን።

ትክክለኛው ደወል እንቅስቃሴ ነው

እትብቱን በዓይናችን አናየውም። ሥራውን መሥራቱን ግን ልጁ ራሱ ይነግረናል። ኦክስጅን በደንብ የሚደርሰው ልጅ ይንቀሳቀሳል። ሲያንሰው ኃይሉን ለልብና ለአንጎሉ ለማቆየት እንቅስቃሴውን ይቀንሳል።

የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት እንቅስቃሴውን የምትለየው ከ18 እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚህ በፊት የወለደች ቀደም ብላ ልትለየው ትችላለች። እየቆየ ልጁ የራሱ ልማድ ይኖረዋል፤ ማታ ማታ የሚራገጥ አለ፣ እናቱ ስታርፍ የሚነቃ አለ። ለአንድ ጊዜ የሚተኛው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ ከ90 ደቂቃ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። «ስንት ጊዜ ረገጠ?» ከማለት ይልቅ «እንደ ልማዱ ነው ወይ?» ማለት ይሻላል።

አንድ የተሳሳተ ነገር ደጋግመን እንሰማለን፦ «ወሯ ሲገባ ቦታ ስለሚጠበው እንቅስቃሴው ይቀንሳል»። ይህ ልክ አይደለም። ርግጫው ወደ መገላበጥና መግፋት ሊለወጥ ይችላል እንጂ መቀነስ የለበትም። ሰባት ወር ካለፈ በኋላ እንቅስቃሴው ቀንሷል ብላ የጠረጠረች እናት በግራ ጎኗ ተኝታ ለሁለት ሰዓት ልብ ብላ ታዳምጥ። አሥር እንቅስቃሴ ካልሞላ፣ ወይም ፈጽሞ ካልተሰማት፣ «እስኪነጋ ልጠብቅ» የለም። ወዲያው መሄድ ነው። ጤና ጣቢያ ስትደርስ የልብ ምቱን ያዳምጡላታል፤ ጤነኛው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። በሰላም ተመልሳ ብትመጣ «በከንቱ ተንከራተትኩ» አትበል፤ የሄደችው ለማወቅ ነው፣ አውቃለችም።

ሌሎቹ የማይታለፉ ምልክቶች ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ናቸው። የሽርት ውሃ ሲፈስ ገመድ የሚመስል ነገር በብልቷ ከታየ ወይም ከተሰማት፣ እትብቱን መሳብም ወደ ውስጥ መግፋትም አይገባም። መኪና እስኪገኝ ድረስ በጉልበቷና በደረቷ ተደፍታ መቀመጫዋን ከፍ ታድርግ። በመኪና ወይም በቃሬዛ ስትሄድ ደግሞ በግራ ጎኗ ትተኛና ከዳሌዋ ሥር ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ይደረግላት። በመሃሉ አንድ ሰው ወደ ሆስፒታሉ ደውሎ ይናገር፤ እስክትደርስ የቀዶ ጥገና ቡድኑ ይዘጋጃል።

ጭንቀቱስ ልጁን ይጎዳው ይሆን?

ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ሁለተኛ ፍርሃት ነው፤ መጨነቋ ራሱ ያስጨንቃታል። ጥሩነቱ፣ ለዚህ አገራችን ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ሻርሎት ሃንሎን እና ባልደረቦቿ ቡታጅራ አካባቢ 1065 እናቶችን ከእርግዝና ጀምረው ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። በእርግዝና ጊዜ ከባድ የጭንቀትና የድባቴ ምልክት የነበረባቸው ሴቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የመጀመሪያቸውም የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ልጁ ሞቶ ከመወለዱ ጋር ግን ግንኙነት አልተገኘም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ «ጭንቀቴ ልጄን ይገድለዋል» ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ጭንቀት እንዲያው ችላ የሚባል ነገር አይደለም፤ እንደ ደም ግፊት ሁሉ ሊጠየቅና ሊታከም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች ወደ 16 የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ፣ ያጋጥማቸዋል። እንቅልፍ ለሁለት ሳምንት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ መሥራት ካቃተ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ይህ የድክመት ምልክት አይደለም፤ በሚቀጥለው ክትትል ቀን ሳይሆን አሁኑኑ መነገር ያለበት ሕመም ነው።

ለቀላሉ ጭንቀት ደግሞ እነዚህ ይረዳሉ። ሌሊት ልብ ሲመታ አየር በአፍንጫ ስቦ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ ማስወጫው ከማስገቢያው ይርዘም። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ጥያቄ ሲመጣ ደብተር ላይ መጻፍና ለክትትል ቀን ማቆየት፤ የተጻፈ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ጭንቅላት ውስጥ አይዞርም። ስልክ ላይ የሚለቀቁ አስደንጋጭ ቪዲዮዎችን መተው። ቡና ላይ የሞት ታሪክ የሚያመጣውን ሰው ደግሞ ባል ወይም አማት «ተይ እስቲ፣ ሌላ ጨዋታ አምጪ» ቢሉላት ትልቅ ውለታ ነው።

ከጭንቀት ወደ ዝግጅት

በገጠር ጎጃም ዋናው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መንገድ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው አለ፣ ወንዙ ይሞላል፣ መኪና የማይገባበት ቀበሌ አለ፣ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ምጥ ከጀመረ በኋላ ቃሬዛ መፈለግ ዘግይቷል። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያዎች ላይ የእናቶች ማቆያ የተሠራው፤ ወሯ የገባች እናት ምጥ ሳይመጣ ቀድማ ሄዳ እዚያው ትቆያለች።

ሐሳቡ አገር በቀል ታሪክ አለው። ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያ ከከፈተ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከ1987 እስከ 2008 እዚያ የወለዱ 24,148 እናቶች መዝገብ ሲመረመር፣ ማቆያ ገብተው ከወለዱት ከ1000 ወሊድ 18 ያህሉ ሞተው ተወልደዋል። ማቆያ ሳይገቡ በቀጥታ ከመጡት ግን 191። እዚህም ላይ ቅድም የተማርነውን እናስታውስ፤ ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አንችልም። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ምጥ ጠንቶባቸው ዘግይተው የደረሱ ናቸው። ግን ነጥቡ ራሱ ይህ አይደል? መዘግየት ይገድላል፤ ቀድሞ መገኘት ያድናል።

ስለዚህ ተማሪዋ ለእህቷ ሦስት ጥያቄ ጻፊ ትበላት። ለሚቀጥለው ክትትል፦ «ሲስተር፣ የልጄ የልብ ምት እንዴት ነው? ዕድገቱ እንደ ወሩ ነው? ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው?» የእነዚህ ሦስቱ መልስ ደህና ከሆነ፣ አንገት ላይ የዞረው እትብት ብቻውን ለቀዶ ጥገናም ለእንቅልፍ ማጣትም ምክንያት አይሆንም።

ፍርሃታችን የሳተው ትልቁ አደጋ

በመጨረሻ አንድ የሚያስተምር ታሪክ አለ። በአገራችን እትብት ብዙ ልጆችን የገደለው ማህፀን ውስጥ ሳለ ሳይሆን ከተቆረጠ በኋላ ነው። ባልጸዳ ምላጭ ሲቆረጥ፣ ቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር ሲቀባ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ይገባ ነበር። ይህን አደጋ ያሸነፉት በጣም ቀላል ነገሮች ናቸው፤ ለእናቲቱ የሚሰጥ ክትባት፣ ንጹሕ ምላጭ፣ የታጠበ እጅ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን የመንጋጋ ቆልፍ የጤና ችግር በማይሆንበት ደረጃ መቀነሷ ተረጋግጧል። ዛሬም ሕጉ ያው ነው፤ እትብቱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ ባለሙያ ካዘዘው ቅባት ሌላ ምንም አይቀባ።

ሰው የሚፈራው የሚታየውን ነው፤ ገመድና አንገት። የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ የማይታየው ነው፤ መዘግየት፣ ጀርም፣ የደም ግፊት። የሳይንስ ጥቅሙ ፍርሃታችንን ወደ ትክክለኛው ቦታ ማዞሩ ነው።

አሁን ተማሪዋ ስልኩን ታንሣ። «እታለም፣ አይታነቅም። ልጅሽ በአንገቱ አይተነፍስም። እንደ ልማዱ እየተራገጠ ነው? እንግዲያውስ ደህና ነው። ከቀነሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ተነሺና ሂጂ። ወርሽ ሲገባ ደግሞ ማቆያ ትገቢያለሽ፤ ገንፎውን እኔ መጥቼ አገነፋለሁ።»